ከአምበር ሮም፤ ደርሶ መልስ

(በተመራቂዎች መገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



 አዘጋጅ ኮሚቴው ሃያ ደቂቃ ሰጥቶኛል። መጀመሪያ «ስለ ሙያሽ ንገሪን» ነበር የተባልኩት። ነገር ግን ፈትነው ያሳለፉኝ ሰዎች ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል፤ እንደገና እንዲፈትኑኝ አልፈልግም። ስለዚህ «ስለ መንገድ ላውራ» ብዬ ለመንኩ፤ ፈቀዱልኝ።

ለምን ስለ መንገድ? በየጊዜው ወጣት ሐኪሞች ይደውሉልኛል። «ዶክተር፣ ለሥልጠና ሮም ሄደው ነበር ሲባል ሰማሁ። እንዴት ነው የሚኬደው?» ይሉኛል። የምችለውን እነግራቸዋለሁ። እስካሁን ግን «እንዴት ነው የሚመለሰው?» ብሎ የደወለልኝ የለም። ዛሬ ሁለቱንም ላውራ። ቲኬት ቆራጮች «ደርሶ መልስ» የሚሉት ነገር አለ። እኔም የማወራው ስለ ደርሶ መልስ ነው።

የተወለድኩት አምበር ነው። ለማታውቋት፦ ከአዲስ አበባ ስትመጡ ጎሃ ጽዮን ላይ ሜዳው ያልቃል። ወደ ዓባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ፤ ድልድዩን ትሻገሩና ያንኑ ያህል ትወጣላችሁ። ደጀን ላይ ነፋሱ ይቀበላችኋል። ከዚያ ሉማሜን አልፋችሁ፣ ደብረ ማርቆስ ሳትደርሱ፣ አስፋልቱ መሃል ለመሃል የሚያልፍባት የጤፍ አገር ከተማ አምበር ናት። ልጆች ሆነን የአዲስ አበባ አውቶቡስ ሲያልፍ እጃችንን እናውለበልብ ነበር። አያቶቻችን ደግሞ ዓባይ በረሃ ማደርን እንደ ጦር ይፈሩት ነበር። የወረደ ሰው ንዳድ ይዞት ይመጣል፤ አንዳንዱም አይመጣም። እነሱ ምክንያቱን ባያውቁትም ፍርሃታቸው ልክ ነበር። የኛም ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ማግስት እንደሆነ መምህሮቻችን ነግረውናል። መንገድና በሽታ ለኛ የመጀመሪያ ትምህርታችን ናቸው ማለት ነው። በሽተኛ ሲመጣ ከምንጠይቃቸው ጥያቄዎች አንዱ «በቅርቡ የት ሄደህ መጣህ?» አይደል?

ወደ ሮም የሄድኩት በ2012 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ ኮቪድ ከመምጣቱ ጥቂት ወራት በፊት፣ ለሦስት ሳምንት የጥገኛ ተውሳክ ሕመሞች ሥልጠና ነው። ከእኔ በፊት ከዚህ አገር ሮም የሄዱት ሰዎች ሁሉ ግን በደርሶ መልስ የሄዱ አይምሰላችሁ። የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ1549 የግዕዝ ሐዲስ ኪዳንን ሮም ላይ አሳትመዋል። ከቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ጀርባ፣ ቫቲካን ግቢ ውስጥ፣ ለሐበሻ መነኮሳት የተሰጠ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም አለ። የዘጌው ተወላጅ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ»ን እ.ኤ.አ. በ1908 ያሳተመው ሮም ነው። በዚያው ዓመት ወደ ኢትዮጵያ ለሚመጣ መንገደኛ የሚሆን፣ በፈረንሳይኛና በአማርኛ የተጻፈ መምሪያም እዚያው አሳትሟል። የሰውየው ኋላ ታሪክ ብዙ ያነጋግራል፤ የመንገደኛ መምሪያ መጻፍን ግን ከእኛ አገር ሰው ቀድሞ አስቦበታል።

ሌሎቹ በግድ ሄዱ። የጎጃም ገዥ የነበሩት ልዑል ራስ እምሩ በጦርነቱ ማብቂያ ተይዘው ፖንዛ ወደምትባል የኢጣልያ ደሴት ተጋዙ። የሚገርመው፣ እ.ኤ.አ. በ1943 ሙሶሊኒ ራሱ ሲያዝ ያቺው ደሴት ላይ ታስሯል። ከራስ እምሩ ጋር የዘመቱት፣ ከደብረ ማርቆስ አጠገብ የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁም እስከ 1943 ድረስ በኢጣልያ ደሴቶች ላይ እስረኛ ነበሩ። ጦርነቱ ፈታቸው፤ ተመለሱ። በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጣ። እዚያው ቀርተው ቢሆን ምን እናጣ እንደነበር ለዚህ ጉባኤ መንገር አያስፈልገኝም።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ። ብዙ ሰው የሚደውልልኝ ለዚህ ነው።

ከሮም በፊት ወደ አንድ የአውሮፓ አገር ለስብሰባ ቪዛ ጠይቄ ተከልክያለሁ። የአገሩን ስም አልጠራም። ከእምቢታው ጋር በሚሰጠው ወረቀት ላይ ምክንያቶች ተዘርዝረው በአንዱ ላይ ምልክት ይደረጋል። የእኔ ምልክት ያረፈው፣ ወደ አማርኛ ስመልሰው፣ ቪዛው ከማብቃቱ በፊት ከአገሩ የመውጣት ሐሳቧ ሊረጋገጥ አልቻለም በሚለው ላይ ነበር። ለእናቴ ነገርኳት። «ምን ማለታቸው ነው? ቤትሽ እዚህ አይደለም እንዴ?» አለችኝ።

ያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ። ቪዛ ጠያቂ «መሄድ እችላለሁ» ብሎ አይደለም የሚያስረዳው፤ «እመለሳለሁ» ብሎ ነው። የጋባዡ ደብዳቤ፣ ማን ምን እንደሚከፍል የሚገልጽ መሆን አለበት። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ «ባልደረባችን ናት» ብቻ ቢል አይበቃም፤ የሥራ መደቧን፣ ደመወዟን፣ ፈቃዱ የሚጀምርበትንና ወደ ሥራ የምትመለስበትን ቀን ይጻፍ። የባንክ ሒሳብ መግለጫ፣ የጋብቻና የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት፣ የቤት ካርታ ካለም እሱ። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የጤና መድን። የደርሶ መልስ በረራ ቦታ ማስያዣ። ማመልከቻው ከጉዞው ቢያንስ 15 ቀን ቀድሞ መግባት አለበት፤ አሁን ባለው ደንብ ከ6 ወር ጀምሮ ማስገባት ይቻላል። እኔ ስሄድ ክፍያው 60 ዩሮ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ጨምሯል። ቢከለክሏችሁም ገንዘቡ አይመለስም። እናቴ «ላሟንም ጻፊላቸው» ብላኝ ነበር። አልጻፍኩም እንጂ፣ አምበር ላይ ላም ያላት ሰው የት ትሄዳለች?

ሁለተኛው ነገር ሰዓት ነው። ቀላል ይመስላችኋል፤ በረራ የሚያመልጠው ግን በዚህ ነው። የኛ ቀን የሚጀምረው ጎሕ ሲቀድ ነው፤ የአውሮፕላኑ ቀን የሚጀምረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ቲኬቱ ላይ «የ12ኛው ቀን 00:15» ቢል፣ በኛ አቆጣጠር ገና የ11ኛው ቀን ሌሊት፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ15 ነው። ቦሌ መገኘት ያለባችሁ በ11ኛው ቀን ማታ ነው። በ12ኛው ቀን ማታ ሻንጣውን ይዞ የሚመጣ ሰው አለ። በዚያ ላይ ሮም በበጋቸው ከኛ በአንድ ሰዓት፣ በክረምታቸው በሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ናት። በጥቅምት ወራቸው የመጨረሻ እሑድ ሌሊት ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሳሉ። እኔ እዚያ እያለሁ ነው የተቀየረው፤ ሰኞ ጠዋት ሥልጠናው በር ላይ ቀድሞ የደረሰ አፍሪካዊ ሁሉ እርስ በርስ ሲሳሳቅ ነበር።

ሦስተኛው ስም ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ፓስፖርታችን ግን የአያትን ስም በዚያ ቦታ ያስገባል። እነሱ «ኮኞሜ» የሚሉት እሱን ነው። የጋባዡ ደብዳቤ፣ የሆቴሉና የበረራው ቦታ ማስያዣ ሁሉም ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል ይመሳሰሉ። የምስክር ወረቀታችን ላይ በአንድ «ኤች» ወይም በአንድ «ኢ» የሚለይ ስም የስንቱን ሰው ጉዞ እንዳጓተተ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። የእኔ አያት በጠላት ዘመን ጎጃም ውስጥ ጫካ የገባ አርበኛ ነበር። ሥልጠናው በተጀመረ ቀን የምዝገባዋ ሴትዮ «ሲኞራ» ብላ የአያቴን ስም በማይክሮፎን ጠራች። ሮም ላይ እንደዚያ በክብር እጠራለሁ ብሎ መቼም አላሰበም።

ስለ ሻንጣ እንደ ሐኪምም እንደ ጎጃሜም ልናገር። የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ፣ መድኃኒታችሁን ከነማሸጊያውና ከነማዘዣው በእጅ ሻንጣ ያዙ፤ ትልቁ ሻንጣ ሊዘገይ ይችላል። በረራው ላይ ተነስታችሁ ተንቀሳቀሱ፤ ውኃ ጠጡ። ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ማስገባት ክልክል ስለሆነ ቋንጣና ቅቤ ይወረሳሉ። በሶና ዳቦ ቆሎ ያልፋሉ። እናቴ ያዘጋጀችው ቅቤ አዲስ አበባ እህቴ ቤት ቀረ፤ እህቴ እስከ ዛሬ ያንን ጉዞ ታመሰግናለች።

በረራው ከቦሌ ሌሊት ተነስቶ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ፈጅቶ ንጋት ላይ ፊውሚቺኖ ያርፋል። ከአምበር አዲስ አበባ የሚፈጀውም ከዚያ ብዙ አይተናነስም። ከአውሮፕላን ማረፊያው መሃል ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ አራት ዓይነት ነው። «ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ» የሚባለው ባቡር የትም ሳይቆም በ32 ደቂቃ ቴርሚኒ ያደርሳል፤ ያኔ 14 ዩሮ ነበር። ሌላው 8 ዩሮ የነበረው የከተማ ዳርቻ ባቡር ነው፤ ቴርሚኒ አይገባም፤ በትራስቴቬሬ፣ በኦስቲየንሴ አድርጎ ቲቡርቲና ይሄዳል። አውቶቡሱ ከሁሉ ይረክሳል። ታክሲ በጥንቱ የከተማ ግንብ ውስጥ ላለ አድራሻ የተወሰነ ዋጋ አለው፤ ያኔ 48 ዩሮ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ቀርቦ «ታክሲ? ታክሲ?» የሚላችሁን አትከተሉ፤ ነጩን ታክሲ ከሰልፉ ላይ ያዙ። የወረቀት ቲኬት ከያዛችሁ ባቡሩ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት መድረኩ ላይ ባለው ማሽን አስመቱት፤ ያልተመታ ቲኬት እንዳልተገዛ ነው የሚቆጠረው። ለምድር ባቡርና ለአውቶቡስ ደግሞ 1.50 ዩሮ የሆነች ቲኬት ለ100 ደቂቃ ታገለግላለች። ውኃ አትግዙ። በየመንገዱ ዳር ቀንና ሌሊት የሚፈሱ የብረት ቧንቧዎች አሉ፤ ውኃቸው ይጠጣል።

የሮም ምድር ባቡር «ቢ» የሚባል መስመር አለው። በዚያ መስመር ላይ ብቻ ብትሄዱ የኛ ታሪክ በየፌርማታው ተቀምጧል።

ቴርሚኒ ወርዳችሁ ስትወጡ የምትቆሙበት ሰፊ አደባባይ ስሙ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ነው። አምስት መቶዎቹ እነማን ናቸው ካላችሁ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ያለቁት የኢጣልያ ወታደሮች ናቸው። የመታሰቢያ ሐውልታቸው ከዚያው አጠገብ አለ። ከአዲስ አበባ የተወሰደው የይሁዳ አንበሳ ሐውልትም ከመመለሱ በፊት እዚያ አካባቢ ነበር የቆመው። ሻንጣ የሚጎትተው ሕዝብ ይህን አያስብም። እኔ ግን ሻንጣዬን አቁሜ ትንሽ ቆየሁ።

ከቴርሚኒ ሁለተኛው ፌርማታ ኮሎሴዮ ነው። የቆስጠንጢኖስ ቅስት እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 1960 ማታ አበበ ቢቂላ ባዶ እግሩን፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ፣ እዚያ ገብቷል። ቀጥሎ ቺርኮ ማሲሞ ነው። ከዚያ ስትወጡ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ሕንጻ ፊት ለፊት አደባባይ ታገኛላችሁ። የአክሱም ሐውልት የቆመው እዚያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1937 ተወሰደ። በ1947 ኢጣልያ ልትመልሰው በስምምነት ፈረመች። የተመለሰው በ2005 ነው፤ ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአውሮፕላን። በ2008 በቦታው ተተክሎ ተመረቀ። አንድ ድንጋይ ሄዶ ለመመለስ 68 ዓመት ፈጀበት። እኛ በአንድ ማኅተም ላይ ሁለት ሳምንት ዘገየብን ብለን ስንናደድ ይህን እናስታውስ።

በዚህ መስመር ላይ የሌለ አንድ ቦታ ሥራችን ስለሆነ ልጨምር። ቲቤር ወንዝ ዳር፣ ከቫቲካን ቅርብ፣ ሳንቶ ስፒሪቶ የሚባል ጥንታዊ ሆስፒታል አለ። እ.ኤ.አ. በ1898 ጆቫኒ ባቲስታ ግራሲና ባልደረቦቹ የሰው ወባ በአኖፊለስ ትንኝ እንደሚተላለፍ ያረጋገጡበት ሙከራ የተደረገው እዚያ ነው። «ማላሪያ» የሚለው ቃል ራሱ ጣልያንኛ ነው፤ «መጥፎ አየር» ማለት ነው። የሮም ገበሬም ልክ እንደ አያቶቻችን ረግረጉ ዳር ማደርን ይፈራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 ኢጣልያ ከወባ ነጻ መሆኗ በዓለም ጤና ድርጅት ተረጋገጠ። እኔ ከዚህ የወሰድኩት ትምህርት ቀላል ነው፦ እነሱም በዚህ አልፈዋል። ረግረግ አጥፍተው፣ ኪኒን አድለው፣ ቤት በመድኃኒት ረጭተው፣ በብዙ ዓመት ድካም ነው ያስወገዱት። ዓባይ በረሃም እንደ ተረገመ የሚቀርበት ምክንያት የለም።

አሁን የሚከብደኝን ልናገር።

መሄዴ አምበር ሲሰማ አንዲት እናት የእናቴን ቤት ጠይቀው መጡ። ከነጠላቸው ሥር፣ በመሐረብ የተጠቀለለ የልጃቸው ፎቶግራፍ ነበር። ልጃቸው በመተማ አድርጎ ሱዳን፣ ከሱዳን ሊቢያ ገብቷል። መጨረሻ የደወለው ከሊቢያ ነው። «ባሕር ልንገባ ነው፤ ጸልዪልኝ» ብሏቸዋል። «ሮም ከደረስሽ ልጄ፣ ሰው የሚሰበሰብበት አይጠፋም፤ እይልኝ» አሉኝና ፎቶውን ሰጡኝ።

በቢ መስመር በሌላው አቅጣጫ ብትሄዱ ቲቡርቲና የሚባል ጣቢያ አለ። ከባሕር የተረፉ ስደተኞች እዚያ አካባቢ ይሰባሰባሉ አሉኝ። ሦስት ማታ ሄድኩ። የኛም የኤርትራም ልጆች ነበሩ። ፎቶውን አሳየኋቸው። አንዱ የወሎ ልጅ በስልኩ መብራት ብዙ ቆይቶ አየውና «እትዬ፣ እኔ የማውቃቸው ሁሉ ይህን ይመስላሉ» አለኝ። አላገኘሁትም።

እሑድ ቀን በዚያው መስመር ፒራሚዴ ድረስ ሄጄ፣ ከጎኑ ካለው ጣቢያ በዚያችው የ1.50 ዩሮ ቲኬት ግማሽ ሰዓት ያህል የሚፈጅ ባቡር ይዤ ኦስቲያ ወረድኩ። የሜዲትራኒያንን ባሕር ያየሁት ያኔ ነው። ሕፃናት አሸዋ ላይ ይጫወታሉ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 3 ቀን 2013 ላምፔዱሳ ደሴት አጠገብ በሰጠመች አንዲት ጀልባ ብቻ ከ360 በላይ ሰው አልቋል፤ አብዛኞቹ ኤርትራውያን ነበሩ። እኔ ይህንኑ ባሕር ተኝቼ ነው የተሻገርኩት፤ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መድን ይዤ።

ስመለስ ፎቶውን ይዤላቸው አምበር ሄድኩ። «አላገኘሁትም እማማ» አልኳቸው። «አንቺስ ደህና ገባሽ?» አሉኝ። ቡና አፈሉልኝ። ቆይተው «ባሕሩንስ አየሽው?» አሉ።

«አየሁት።»

«ከዓባይ ይሰፋል?»

«ይሰፋል እማማ። ማዶው አይታይም።»

ዝም አሉ። ከዚያ «እንዲያ ከሆነ ለልጄ የነገረው የለም» አሉኝ።

ይህ ቃል ከሥልጠናው ማስታወሻዬ ሁሉ በላይ ከእኔ ጋር ቀርቷል። እርግጥ ነው፣ ችግር ያለበት ልጅ ነግረውትም ይሄዳል። ቢሆንም መንገዱን የሚያውቅ ሰው ላላወቀው የመንገር ዕዳ አለበት። ደላላው ያወራል፤ እኛ ዝም እንላለን። የአምበር ወጣት ለሰሊጥ አረማ መተማና ሁመራ ሲወርድ የአሸዋ ዝንብ እንደሚነክሰው፣ ከተመለሰ በኋላ ትኩሳቱና የጣፊያው ማበጥ ካላ አዛር ሊሆን እንደሚችል የሚነግረው ማን ነው? እኛ ነን። ይህን እዚሁ ጎንደር ነው የተማርነው። ካርዱ ላይ «የት ሄዶ መጣ» የምትለውን አንድ መስመር ባዶ አንተዋት።

ስለ መመለሱ ልጨርስ። ከሮም ሻንጣዬ ውስጥ ያመጣሁት ዋናው ነገር የማስተማሪያ ስላይዶች ሳጥን ነው፤ በአንድ በአንዱ መስታወት ላይ አንድ አንድ የተውሳክ ዓይነት ያለበት። የሕክምና ዕቃ ለምትይዙ አንድ ምክር አለኝ፦ ከመሄዳችሁ በፊት ከመሥሪያ ቤታችሁ የድጋፍ ደብዳቤ ያዙ፤ ከሰጪውም የዕቃውን ዝርዝርና ዋጋ የሚገልጽ ወረቀት ተቀበሉ። ያ ሳጥን ደብረ ማርቆስ ላይ እስከ አሁን ይሠራል። የላብራቶሪ ባለሙያዎቻችን ወፍራሙን የደም ናሙና ከቀጭኑ ጋር እያነጻጸሩ በሱ ይለማመዳሉ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ያየሁትን በሁለት ወር የሞርኒንግ ሴሽን ከፋፍዬ አቀረብኩ። ሳስተምረው ነው በደንብ የገባኝ።

ቀርተው የሠሩትን ልወቅስ አይደለም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከሩቅ አገር የመጣችሁ አላችሁ። እናንተ የላካችሁልን መጽሐፍ፣ በሌሊት ተነስታችሁ በስልክ ያያችሁልን ኤክስሬይ ስንቱን ሰው እንዳተረፈ እኛ እናውቃለን። ደርሶ መልስ ለእናንተም ይሠራል፤ ጉዞው ከዚያ ወገን ይጀምራል እንጂ መንገዱ አንድ ነው። ለሁለት ሳምንትም ቢሆን ኑ፤ አብረን ዙር እንዙር። ከባሕር ዳርቻ ከተማ የምትመጡ ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ደረጃ ላይ አትሩጡ። ከፍታው ይይዛችኋል፤ ከዚያ እኛው ነን የምናክማችሁ።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሦስት ነገር እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ የጉዞ ፋይል ይኑረን። ቪዛ ያገኘን ሰዎች የመሥሪያ ቤት ደብዳቤውን፣ የጋባዡን ደብዳቤና የሰነዶቹን ዝርዝር የግል መረጃውን አጥፍተን እናስቀምጥ። አንድ ጠቅላላ ሐኪም ከደጀንም ከመተማም ጠይቆ ያግኘው። የተከለከልን ሰዎችም የእምቢታውን ምክንያት እናስገባ፤ ከሱም ይማራሉ።

ሁለተኛ፣ በየከተማው አንድ ተቀባይ ይኑር። ሮም፣ አቴንስ፣ ባርሴሎና፣ የትም ያላችሁ፣ ስማችሁን ለማኅበሩ ስጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወጣ ልጅ ንጋት ላይ ጣቢያ ሲወርድ አንድ በአማርኛ «እንኳን ደህና መጣህ» የሚለው ሰው ቢያገኝ፣ ያ ብቻ የግማሽ ቀን ድካም ይቀንስለታል።

ሦስተኛ፣ በማኅበሩ እርዳታ የሄደ ሁሉ ሲመለስ ሁለት ገጽ ይጻፍ። ምን አየ፣ ምን ይዞ መጣ፣ ለማን አስተማረ። ሁለቱ ገጽ በዚህ መጽሔት ይታተሙ። ለሚቀጥለው ሰው ቪዛ ሲጠየቅ «ከእኛ የሄዱት ይመለሳሉ» የሚል ማስረጃ የሚሆነው እሱ ነው። የእናቴ ላም ማስረጃ ሳትሆን ቀርታለች፤ የእናንተ ሁለት ገጽ ግን ይሆናል።

ሃያ ደቂቃዬ አልቋል፤ ሰብሳቢው ሰዓታቸውን እያዩ ነው። እዚህ ያላችሁት ነገ ወደየመጣችሁበት ትበተናላችሁ። በዓባይ በረሃ የምትሻገሩም፣ ባሕር የምትሻገሩም፣ መንገዱን ጨርቅ ያድርግላችሁ። በሚቀጥለው መገናኛችን በደህና መልሶ ያገናኘን።